ሁለት ሌሊት ያደረ ምስክር

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ብጽፈው፣ የሚያነበው ሰው «እኔ የዚያ ከተማ ሰው አይደለሁም» ብሎ ወረቀቱን ያስቀምጣል። እዚያ የቆየሁት ሰባት ወር ነው። ያየሁትን በቅደም ተከተሉ አስቀምጣለሁ፤ ማንንም ባላደረገው ነገር ላለመውቀስ ተጠንቅቄአለሁ። ተናድጄ እንደምጽፍ ግን አልደብቅም።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የከተማዋ የአየር ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀጠረኝ። ሥራዬ አንድ መሣሪያ መጠበቅ ነበር። መሣሪያው የተገዛው ጎረቤት ከተማ ተመሳሳዩን ስለገዛች ነው፤ ምን እንደሚሠራ ከእኔ በፊት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስድስት ወር ሙሉ በጽሕፈት ቤቱ መግቢያ ላይ ለእንግዶች ሲታይ ኖሯል። ስደርስ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ነበረበት።

አሠራሩን ባጭሩ ልናገር፤ ለሚቀጥለው ነገር ያስፈልጋል። የጠረጴዛ መሳቢያ የሚያህል ሣጥን ነው። በቀጭን ቱቦ አየር ይስባል። አየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ አንድ በአንድ በጨረር ፊት ያልፋል። አፈር ወይም ጥቀርሻ ከሆነ ብርሃኑን በትኖ ያልፋል፤ ሌላ የሚናገረው የለውም። ሕይወት ያለው ነገር ከሆነ ግን፣ የአበባ ብናኝ ይሁን የሻጋታ ዘር ወይም ባክቴሪያ፣ ጨረሩን ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ ያበራል። ያቺን ብልጭታ የሰው ዓይን አያያትም። መሣሪያው ያያታል፣ ይቆጥራታልም። ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ አንድ ትንሽ ፓምፕ በራሱ ይነሣና አየሩን በብልቃጥ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ያሳልፈዋል። ብልቃጡ ናሙና ነው፤ ላቦራቶሪ ሄዶ የብልጭታው ባለቤት በስሙ ይታወቃል። መሣሪያው አንድ ድክመት አለው። ከቦታው ከተነቀነቀ መስተዋቶቹ ይዛነፋሉ፤ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሳይነካ ካልቆየ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም።

ከተማዋ የምትኖረው በጎተራዋ ነው። ጎተራው አራት ትልልቅ አዳራሾች አሉት። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል እህሉ በላይዳ፣ በእንጨት አካፋ፣ ይገላበጣል፤ ካልተገላበጠ ከውስጥ ይግላል፣ ይበሰብሳል። የሚያገላብጡት አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሦስተኛው አዳራሽ ጣሪያው ያፈስሳል፤ መስኮትም የለውም። መስኮት ያልወጣለት ሌባ እንዳይገባ ነው። ጣሪያው ያልተጠገነው ደግሞ ሌባ በጣሪያ እንደማይገባ ስለተረጋገጠ ነው። እኔ ከመሄዴ በፊት በነበረው ዓመት፣ ሦስተኛው አዳራሽ ከተገላበጠ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ሴቶች ተቀብረዋል። አንዷ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ሕግ አለ፣ ጥሩ ሕግም ነው። የአንድ አዳራሽ አየር በዳኛ ፊት መጥፎ ነው ከተባለ፣ ጣሪያው ሳይጠገንና መስኮት ሳይወጣለት ማንንም እዚያ ግባ ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ሕጉ ከተጻፈ ስልሳ ዓመት አልፎታል። አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም፤ በስልሳ ዓመት ውስጥ መጥፎ የተባለ አየር የለምና። ይህን የሚናገረው የአየር ነጋሪው ነው። በእኔ ጊዜ የነበሩት ጋሽ ሸዋንግዛው የሚባሉ ቁመተ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። በየማለዳው ከአዳራሾቹ ደጅ ቆመው ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ ይስቡና «መልካም ነው» ይላሉ። ከዚያ ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ ላይ «መልካም» የሚለው ቃል ቀድሞ ታትሟል፤ እሳቸው ቀኑን ብቻ ይጽፋሉ።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ መጥፎ ቢሆን የት ላይ ይጽፉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቅጹን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩት። «ቦታ የለውም» አሉኝ። «ለዚህ ነው መጥፎ የማይሆነው።»

አልቀለዱም።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ዘነቡ የምትባል ሴት ወደ ጽሕፈት ቤቱ መግቢያ፣ መሣሪያው ዘንድ መጣች። የአገላባጮቹ አለቃ ናት። ዕድሜዋ አርባ አልሞላም፤ ደረጃውን ወጥታ ለመናገር ግን ቆማ ትንፋሿን መሰብሰብ ነበረባት። ከኋላዋ ትርንጎ የምትባል ሳቂታ ልጅ እግር አገላባጭ ነበረች።

«አንተ ልጅ፣» አለችኝ ዘነቡ፣ «ይህ ሣጥን አየር ያያል የሚሉት እውነት ነው?»

«አየር ሳይሆን አየር ውስጥ ያለውን ነው የሚያየው፣ እትዬ።»

«የሚያየውን ይናገራል?»

«በቁጥር ይናገራል።»

«ለማን?»

ይህን ጥያቄ ኮሌጅ ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ትርንጎ የአበባ ማስቀመጫውን አንሥታ መስኮት ላይ አደረገችው። «እስካሁን ያየው አበባ ብቻ ነው» አለች። «እኛ ዘንድ አምጣው፣ ዓይኑን እንገልጥለታለን።»

ዘነቡ ልመና አልወደደችም፤ ጉዳዩን እንደ ሥራ ነገረችኝ። ሦስተኛው አዳራሽ በሁለት ወር ውስጥ ይገላበጣል። እህሉ ረጥቧል፤ ከደጅ ይሸታል። ስምንት ዓመት ገብታበታለች፤ ከአምናዎቹ ሦስት ሴቶች ሁለቱን ራሷ ናት ያስገባችው። ዳኛው ፊት አየሩ መጥፎ መሆኑ ከተነገረ ጣሪያው ይጠገናል፣ መስኮት ይወጣል። ካልተነገረ አሥራ ሁለቱም ይገባሉ። «ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አለችኝ። «ያየውን ይናገርልን።»

ሦስተኛው አዳራሽ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ መሣሪያውን ሰቀልኩት። የጎተራው ሹም አቶ ይርዳው ቁልፉን በደስታ ሰጠኝ፤ መሣሪያው አዳራሹን የሚያስጌጥ መስሎት ነበር። ግቢው ውስጥ ለክቼ በአንድ ሊትር አየር አርባ አካባቢ አግኝቻለሁ። ይህ የትም የሚገኝ ነው፤ ሣር ካለበት ሁሉ አለ። የተዘጋው አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ሆነ። አራት ቀን ጠብቄ፣ መሣሪያው መርጋቱን አረጋግጬ፣ ሴቶቹ አንዱን ጥግ ብቻ ለሩብ ሰዓት እንዲያገላብጡ ጠየቅኳቸው። ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ አሰርን። በማለዳ ንጹሕ ብልቃጥ ይዤ ገባሁ፣ ቀትር ላይ ይዤው ወጣሁ። ቁጥሩ ሰባ አንድ ሺህ ደረሰ። ፓምፑ ተነሣ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዳመና ያዘ።

ወረቀቱን ይዤ አቶ ይርዳው ዘንድ ሄድኩ። አቶ ይርዳው ወፍራም ድምፅና ቀጭን ጣቶች ያሉት ሰው ነው፤ ክፉ አይመስልም፣ ሻይም አዘዘልኝ።

«ሦስት መቶ፤ ደግሞም ሰባ አንድ ሺህ» አለ እያነበበ። «ሦስት መቶ መቼ ነው?»

«ማንም በማይሠራበት ጊዜ።»

«ሰባ አንድ ሺህስ?»

«ሲገላበጥ።»

ወረቀቱን አስቀመጠው። «እንግዲህ ራስህ አገኘኸው» አለኝ። «አዳራሹ ጤነኛ ነው። አየሩን የሚያበላሹት ሴቶቹ ናቸው።»

ቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ። በማግሥቱ በጎተራው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «አገላባጮች ብናኝ እንዳያስነሡ እህሉን በቀስታ እንዲያገላብጡ፣ ሲያገላብጡም ከአስፈላጊው በላይ እንዳይተነፍሱ ይታዘዛሉ።» ትርንጎ ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ስትጨርስ «እትዬ፣ አስፈላጊው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ደመወዛችንን ለመቀበል የሚበቃውን ያህል» አለች ዘነቡ። ሳቁ። ዘነቡ ሳቋ ወደ ሳል ስለተለወጠ ከግድግዳው ተደግፋ እስኪያልፍላት ቆየች። ሌሎቹ ሳይቸኩሉ ጠበቋት። እንዲህ መጠበቅ ያለ ልምድ አይመጣም።

ጉዳዩ ዳኛው ፊት ቀረበ። ችሎቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ቁጥሩን አነበብኩ፣ አሠራሩን አስረዳሁ። ዳኛው በጥሞና ሰሙኝ፤ ሁለት ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ጠይቀውኛል። ከዚያ አቶ ይርዳው ተነሥቶ አንድ ነገር ብቻ አለ፦

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ መሣሪያ በጎተራው ጣሪያ ሥር ስንት ሌሊት አድሯል?»

«አራት» አልኩ።

ከሕዝቡ መካከል ማጉረምረም ተሰማ። ልማዱን ያኔ ነው የሰማሁት። በዚያች ከተማ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሌሊት ያደረ የቤቱ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ባሳደረው ላይ አይመሰክርም። ሐቁን ልናገር፤ ልማዱ ሲነሣ መልካም ነበር። ድሮ መንገደኛ ያሳደረ ሰው በሦስተኛው ቀን እንዳይከሰስ፣ ሰዉ በሩን ያለ ስጋት እንዲከፍት የወጣ ነው። ለሣጥን ይሠራል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

«ክቡር ዳኛ፣ መሣሪያ ነው፤ ሰው አይደለም» አልኩ።

«ሰው ካልሆነ እንዴት ይመሰክራል?» አሉኝ ዳኛው። «ከመሰከረ ደግሞ ምስክር ነው። ምስክር ከሆነ አድሯል።» ድምፃቸው ላይ ክፋት አልነበረም። ሒሳብ እንደሚያስረዳ መምህር ነበር የተናገሩት።

«እንግዲህ ሁለት ሌሊት ሳይሞላው ልለካ።»

«ለካ። ማን ከለከለህ?»

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት የሠራሁትን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነት ስለሆነ እጽፋለሁ። መሣሪያውን አንድ ሌሊት አዳራሹ ውስጥ አሳድራለሁ፣ ከዚያ አውጥቼ ሜዳ ላይ፣ በሸራ ሥር አሳድረዋለሁ፣ መልሼ አስገባዋለሁ። በገባና በወጣ ቁጥር መስተዋቶቹ ይዛነፋሉ። አንዴ አራት፣ አንዴ ሁለት መቶ ሺህ ይላል። አንድ ቀን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሆነ። ሕጉን ሲያከብር ዕውር ነው፤ ሲያይ ደግሞ እንግዳ ነው። አቶ ይርዳው አንድ ጸሐፊ መድቦ የተዛነፉትን ቁጥሮች ሁሉ ያስመዘግብ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መሣሪያው ውሸታም መሆኑን የሚያስረዳ አሥራ ስምንት ገጽ ለዳኛው አቀረበ። እኔ ራሴ ነበርኩ ያዘጋጀሁለት።

«ሴቶቹስ?» አልኩ በሁለተኛው ችሎት። «እነሱ ስምንት ዓመት፣ አሥር ዓመት ገብተውበታል። እነሱ ይናገሩ።»

«በግልበጣ ሰሞን የት ያድራሉ?» ብለው ጠየቁ ዳኛው።

የሚያድሩት እዚያው ግቢ፣ በጎተራው ጣሪያ ሥር ነው። ምክንያቱም ጎተራው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ እንግዶች ናቸው። የአዳራሹን አየር የተነፈሰ ሁሉ ስለ አዳራሹ አየር መናገር አይችልም። ሊናገር የሚችለው ገብቶበት የማያውቅ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ተጠርተው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እግራቸውን አስገብተው እንደማያውቁ በኩራት ገልጸው፣ አየሩ መልካም ነው ብለው ማሉ። አቶ ይርዳውም ማለ። እሱም ገብቶ አያውቅም፤ ቁልፉን ከደጅ ነው የሚሰጠው። ምስክርነታቸው በጣም የጠራ ስለነበር ዳኛው አመሰገኗቸው።

ዘነቡ ከኋላ ወንበር ተነሣች። «ክቡር ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«የማያውቁ ናቸው የሚታመኑት?»

«ገለልተኞች ናቸው የሚታመኑት።»

«ገባኝ» አለች፤ ተቀመጠች። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሊመታኝ ሲል እንዲህ ነበር «ገባኝ» የምለው።

ሁለተኛው ችሎት ሲበተን ብልቃጡ ትዝ አለኝ። ብልቃጡ በማለዳ ገብቶ ቀትር ላይ ወጥቷል፤ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም። ጥቂት ቀድቼ ከላክሁበት ላቦራቶሪ የመጣው ደብዳቤ ምን እንዳለበት ይናገር ነበር፤ ሦስት ዓይነት ሻጋታ፣ አንዱ የሰው ሳንባ ውስጥ የሚበቅል። ደብዳቤውን ዳኛው አልተቀበሉትም፤ ላቦራቶሪው ሩቅ አገር ነው፣ አዳራሹን አላየም አሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በልማዳቸው ተጠቀምኩ። «ብልቃጡ ራሱ ቀርቦ ይመስክር፤ ያላደረ ነውና» አልኩ።

ዳኛው ሕጋቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። «ትክክል ነህ» አሉ። «ይቅረብ።»

ግልበጣው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ሦስተኛው ችሎት ተቀመጠ። ብልቃጡን በዳኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከጣት አይበልጥም። አረንጓዴው ከሥር ረግቶ፣ ስነካው ተነሣ።

«ምስክርን የሚመረምረው የሚቃወመው ወገን ነው» አሉ ዳኛው። «አቶ ይርዳው፣ ምስክሩ ይኸው። ክፈትና መርምረው።»

አቶ ይርዳው ከወንበሩ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ቀረበ። ብልቃጡን አየ። እጁን ኪሱ ከተተ።

«ምን ልመረምር ነው?» አለ።

«አየሩ መልካም ነው ብለህ ምለሃል» አሉ ዳኛው። «ይህ ያ አየር ነው ይላሉ። ክፈትና አሽትተው፤ መልካም መሆኑን ንገረን።»

አቶ ይርዳው ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ዳኛው ወደ ጋሽ ሸዋንግዛው ዞሩ። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ ለመሳብ ደረታቸውን ሲነፉ አየሁ። ከዚያ ቀስ ብለው አስተነፈሱትና ጉንፋን ይዞኛል አሉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ብልቃጡን ቢከፍቱት ምንም አይሆኑም ነበር። ዘሩ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ከፈሳሽ ተነሥቶ ወደ ሰው አፍንጫ አይበርርም። አንዱ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። የጠየቀኝ የለም። ለአሥራ ሁለት ሴቶች ደኅና ነው ብለው የማሉበትን ነገር፣ ለራሳቸው ደኅና መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አንዲት ጥያቄ አልጠየቁም። የፈሩት ከእኔ ቁጥር የተነሣ አይደለም። ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር።

«ክቡር ዳኛ፣» አለች ትርንጎ ከኋላ፣ «እርስዎ ይክፈቱልን።»

ዳኛው ቀና አላሉም። ብልቃጡ ከፊታቸው አንድ ክንድ ያህል ይርቅ ነበር። ወንበራቸው ወደ ኋላ ሲንሸራተት እግሩ ወለሉን ሲፍቅ ሁላችንም ሰማን።

ያን ጊዜ ዘነቡ በመካከል አልፋ መጣች። ማንም አልከለከላትም። ብልቃጡን አነሣች፣ ክዳኑን ፈታች፣ ከአፍንጫዋ ሥር አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ ክዳኑን መልሳ አስቀመጠችው።

«እሱ ነው» አለች። «አውቀዋለሁ።»

«አንቺ እንግዳ ነሽ» አሉ ዳኛው በለሆሳስ። «ቃልሽ አይያዝም።»

«አይያዝ፣ ክቡር ዳኛ። ለእርስዎ አልነበረም የተናገርኩት።» ዞራ አሥራ አንዱን ሴቶች አየቻቸው።

ጸሐፊው እንዲህ መዘገበ፦ «ምስክሩ ቀርቧል። የመረመረው የለም። ያልተመረመረ ቃል አይያዝም። አዳራሹ ነገ ይገላበጥ።»

በማግሥቱ ማለዳ ሁላችንም በሦስተኛው አዳራሽ ደጅ ነበርን። ሴቶቹ ላይዳቸውን ይዘው በአንድ ረድፍ ቆሙ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከግቢው በር ላይ ሆነው «መልካም ነው» አሉና ሄዱ። አቶ ይርዳው ቁልፉን ለዘነቡ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

«አንተ ክፈተው» አለችው።

«ምን ለውጥ አለው?»

«ክፈትና አንድ ጊዜ ግባ። እስከ መካከሉ ሄደህ ተመለስ። እንከተልሃለን፤ ሁላችንም።»

«ይህ የሹም ሥራ አይደለም።»

«እሺ፣ እንጠብቃለን።»

«ዳኛው አዝዘዋል፣ ዘነቡ።»

«ዳኛውን ጥራው፤ እሱም ይግባ። አብረን እናገላብጥ። ላይዳ አለን፣ እናውሰዋለን።»

ትርንጎ ላይዳዋን ወደ አቶ ይርዳው አስጠጋችለት። አልሳቀችም፣ ማንም አልሳቀም። አቶ ይርዳው ፊቱ ቀልቶ ቁልፉን መሬት ላይ ጣለው። «ይኸው፤ የፈለገች ታንሣው» ብሎ ሄደ። ቁልፉ በሴቶቹ እግር ፊት ወድቆ ቀረ። እስከ ቀትር ቆሙ። ከዚያ ላይዳዎቹን ከግድግዳው አስደግፈው ወደየቤታቸው ሄዱ።

እኔ ምን አደረግሁ? ቆሜ አየሁ። በዚያች ከተማ ያደረግሁት ትልቁ ነገር ቆሞ ማየት ነው፤ ከመሣሪያው አልተሻልኩም።

አዳራሹ አልተከፈተም። በሦስተኛው ሳምንት በተቀደደው ጣሪያ በኩል እንፋሎት መውጣት ጀመረ፤ ጭጋግ ነው ተባለ። በስድስተኛው ሳምንት እህሉ ሁሉ ጠቁሮ አንድ ላይ ተያያዘ። አሥራ ሁለቱ ሴቶች ሥራ ጥለዋል ተብለው ከጎተራው ተሰናበቱ። ከአምስት መንደር ሌሎች ሴቶችን ለማስመጣት ተሞከረ። የብልቃጡ ወሬ ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ የመጣች አንዲት የለችም። እስካሁን ድረስ የሦስተኛው አዳራሽ አየር በመዝገብ መልካም ነው።

ዘነቡ ግን ስምንት ዓመት ገብታበታለች። አንድ ማለዳ አለመግባቷ ያንን አያወጣላትም። በስድስተኛው ሳምንት ከአልጋ መነሣት አልቻለችም። ልጠይቃት ስሄድ በሁለት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ መተኛት አትችልም፣ ትታፈናለች።

«መሣሪያህስ?» አለችኝ።

«መግቢያው ላይ መለሱት፣ እትዬ። አበባውንም መልሰውበታል።»

«እንዳታዝንበት። ጥሩ ዓይን ነበረው።» ትንሽ አረፈች። «ትርንጎን አደራ። ዳቦ ቤት ተቀጥራለች። ሂድና አየሩን እይላት።»

ከአራት ቀን በኋላ ሞተች።

በዚያች ከተማ አስከሬን ከመቀበሩ በፊት የቀብር ጸሐፊው የሞቱን ምክንያት ይመዘግባል፤ አንድ ምስክር ይፈርማል። ምስክሩ በሟች ቤት ሁለት ሌሊት ያላደረ መሆን አለበት። ጎረቤቶቿ ሁሉ ተራ በተራ እያደሩ አስታመዋታል። አገላባጮቹም አድረዋል። በለቅሶው ላይ ሕጉ የሚቀበለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጸሐፊው ሳይቸኩል፣ በአክብሮት፣ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ወጣት ነው፤ እንደ እኔ ኮሌጅ የቀመሰ ይመስለኛል። ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ምክንያት በሚለው ሥር «ብርድ» የሚል ቀድሞ ተጽፎበታል።

«እዚህ ጋ ብቻ ነው» አለኝ፣ ጣቱን የፊርማው ቦታ ላይ አድርጎ። «ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሟል።»

ብዕሩን ተቀበልኩት። «ብርድ» የሚለውን ሰረዝኩት። «ሦስተኛው አዳራሽ» ብዬ ጻፍኩ። «ስምንት ዓመት። ሲገላበጥ በአንድ ሊትር አየር ሰባ አንድ ሺህ የሻጋታ ዘር።»

«ቦታው አይበቃህም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልበቃኝም። የሻጋታዎቹን ስም ገና አልጻፍኩም፤ የአምናዎቹን ሦስት ሴቶች ስምም። ወደ ታች ቀጠልኩ። መስመሩን አልፌ፣ ባዶ ወደተተወው ሰፊ ቦታ ገባሁ።

«ወንድሜ፣ እዚያ ላይ አትጻፍ» አለኝ፤ እጄን ለመያዝ ግን አልደፈረም። «እዚያ ዳኛው ናቸው የሚፈርሙት።»

«ላዩ ላይ ይፈርሙ» አልኩት።